ተኪ አምጣና ሂድ

ንብን በቅርብ ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ከንቧ ቀድሞ መነሳት አለበት። ፀሐይ ከሞቀች በኋላ የሚነሳ ሰው የያዘው ሥራ ፎቶ ሳይሆን ሩጫ ነው፤ እሱ ካሜራውን እስኪያስተካክል እሷ ሦስተኛው አበባ ላይ ደርሳለች። መምህር ሌታ ይህን ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም፤ የቱሉ ደሬ ብርድ ነው ያስተማረው። ቱሉ ደሬ ከእንጭኒ በላይ በጥርጊያ መንገድ የሚደረስባት፣ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ መስከረም መባቻ ደግሞ የማይደረስባት የደጋ ከተማ ነች። ጀምበር ስትጠልቅ ብርዱ ድንገት ይወርዳል። አበባ ስትቀስም ያመሸች ንብ ቀፎዋ ሳትደርስ ሰውነቷ ይደነዝዝና የተቀመጠችበት አበባ ላይ ታድራለች። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሄዶ ያያት ሰው የሞተች ይመስለዋል። አልሞተችም፤ ፀሐይ እስክትደርስላት መንቀሳቀስ አቅቷት ነው።

ፀሐይ እስክትደርስ ያለችው ግማሽ ሰዓት የሌታ ነበረች። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው የጎመን ዘር ማሳ ዳር ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ያነጥፍና በደረቱ ይተኛል። ካሜራው አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ለሳይንስ ክበቡ የሰጠው ትንሽ ዲጂታል ነው፤ ብቻውን ቢተዉት ንብን ከዝንብ የሚለይበት አቅም አልነበረውም። ሌታ ግን ከስልጤ መጥቶ የከተማዋን ብቸኛ ፎቶ ቤት ከከፈተው ከደሊል የአሮጌ ዜኒት ካሜራ ሌንስ ለምኖ፣ ገልብጦ፣ በካሜራው ሌንስ ፊት ለፊት በቁስል ፕላስተር አሰረው። የተገለበጠ ሌንስ ትንሹን ነገር ያገዝፋል። ክፋቱ፣ ጠርቶ የሚታየው ውፍረት ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም፤ የንቧ ዓይን ሲጠራ እግሯ ይደበዝዛል፣ እግሯ ሲጠራ ዓይኗ ይጠፋል። ስለዚህ መላው፣ ሌንሱን ትቶ ራስን ትንሽ ወደ ፊት ትንሽ ወደ ኋላ ማለት፣ ትንፋሽን አውጥቶ መያዝ፣ ከዚያ መጫን ነው። ሌታ ድንጋይ የሚያስንቅ እጅ ነበረው።

ገበሬዎቹ መጀመሪያ ላይ ጴንጤው መምህር ጾም ጸሎት ይዞ መሬት ላይ የተደፋ መስሏቸው በሩቅ ዞረው ያልፉ ነበር። እጅግም አልተሳሳቱም። ሰውየው በየጠዋቱ የሚለምነው አንድ ነገር ነበረው፤ እሱም ወደ አምቦ መዛወር ነው።

ሚስቱ ጃለኔ አምቦ ነርስ ነች፤ ልጃቸው ሲፈን ስምንት ዓመቷ ነው። እሱ «ለሁለት ዓመት ብቻ» ተብሎ ቱሉ ደሬ ተመድቦ ይኸው ዘጠነኛ ዓመቱን ይዟል። በወር አንድ ጊዜ፣ መንገዱ ከፈቀደ፣ ሁለት መኪና ቀይሮ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ አምቦ ይደርሳል፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳውን በቁሙ ጎርሶ ይመለሳል። የጃለኔ የጸሎት ቡድን «የወንድማችን የሌታ ዝውውር» የሚለውን ርዕስ ሰባት ዓመት ሙሉ ከዝርዝሩ አላወጣውም። ከጸለዩለት ሰዎች ግማሾቹ እነሱ ራሳቸው ከአምቦ ተዛውረው ሄደዋል። ጸሎቱስ ተሰምቷል፣ አድራሻው ነው የተሳሳተው እያለ ሌታ ይቀልድ ነበር፤ ጃለኔ ግን ከአራተኛው ዓመት ወዲህ በዚህ ቀልድ አትስቅም።

የመምህር ዝውውር በወጉ በነጥብ ነው። የአገልግሎት ዘመን ነጥብ አለው፣ ጋብቻ ነጥብ አለው፣ ሕመም ነጥብ አለው። ሌታ ነጥቡ ሞልቶ ተርፎታል። ነገር ግን የወረዳው ትምህርት ኃላፊ «ይለቀቅ» ብሎ ካልፈረመ ያ ሁሉ ነጥብ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ኃላፊው ኦቦ ዱጋሳ ደግሞ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ ይጠላል፣ የጠላውንም ያባርራል። ኦቦ ዱጋሳ ሰው ይወዳል፤ የወደደውን ሰው ደግሞ አይለቅም።

ከቱሉ ደሬ እንዴት እንደሚወጣ ዓይን ላለው ሰው የተሰወረ አልነበረም። የፊዚክሱ መምህር ሆርዶፋ ከሳምንቱ ግማሹን ጠላ ቤት የሚያሳልፍ፣ ፈተና ማረም ሲሰለቸው ለሁሉም ስድሳ ስድሳ የሚሰጥ ሰው ነበር። በሁለተኛ ዓመቱ «ትጉህ፣ ታታሪ፣ ለባልደረቦቹ አርአያ» የሚል ደብዳቤ ተጽፎለት በጭብጨባ ተሸኘ። ሰነፍ ሲለቀቅ፣ ጎበዝ ሲቀር መላው ሠራተኛ ያያል፤ ሌታም አይቷል። ማየትና ማመን ግን ለየቅል ናቸው። ሌታ የሠራ ሰው ይከፈለዋል ተብሎ ያደገ ሰው ነው። ሥራዬ እስከ ዞን ድረስ ቢታይ፣ ስሜ ቢጠራ፣ እኔን አስሮ ለማስቀመጥ ያፍራሉ ብሎ አሰበ። በሬ ሆይ፣ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ አሥራ ሁለት ፎቶ መርጦ በደሊል በኩል አዲስ አበባ ልኮ በትልቁ አሳጠባቸውና በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰቀላቸው። ዝንብ የፊት እግሮቿን ስታፋትግ፣ ጉንዳን ክሽክሽ የሚባለውን የጎመን ተባይ እንደ ላም ሲያልብ፣ ጢንዚዛ የጤዛ ጠብታ ላይ አፏን ደፍታ ስትጠጣ ይታያል። መሐል ላይ ያለችው ግን ንብ ነበረች፤ ፊቷ ብቻ ግድግዳውን ሞልቶታል። ኦቦ ዱጋሳ እፊቷ ቆሞ ብዙ ቆየ። ከዚያ ጣቱን ዘርግቶ ዓይኗን ነካ አደረገና ንብ ዓይኗ ላይ ፀጉር አላት እንዴ ብሎ ጠየቀ። አላት ብሎ ሌታ መለሰ። ኃላፊው ይህን ያህል ዘመን ማር ስበላ የማንን ማር እንደምበላ አላውቅም ነበር አለ፤ ከልቡ ነው ያለው።

ፎቶዎቹ ዞን ሄዱ፤ ሌታ «ሞዴል መምህር» የሚል የምስክር ወረቀት ተሸልሞ ተመለሰ። በማግስቱ ያንኑ ወረቀት ከዝውውር ማመልከቻው ጋር አያይዞ ኦቦ ዱጋሳ ቢሮ ገባ። ኃላፊው ተነስቶ አቀፈው፣ ወንበር ሳበለት፣ ማመልከቻውን እስከ መጨረሻው አነበበ።

«ባርሲሳ» አለው፣ መምህር ማለቱ ነው፤ «ዞን ድረስ ስማችንን ያስጠራኸው አንተ ነህ። አንተን ለቅቄ እኔ ምን ይዤ ልቀር?»

ሌታ ለመነ። ስለ ሚስቱ ተናገረ፣ ስለ ልጁ ተናገረ፣ ነጥቡን አንድ በአንድ ቆጠረ። ኦቦ ዱጋሳ በእውነት አዘነ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር የሚል ሰው ቢኖር ሌታ አይከራከርም። በመጨረሻ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ አደረገ።

«እሺ፣ ፍርድ አይጓደል። ተኪ አምጣና ሂድ። አንተ የምትሠራውን የሚሠራ ሰው በዓይኔ ካየሁ እፈርምልሃለሁ።»

ተኪው በመስከረም ላይ በአንድ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ መጣ። ተኪው ሴት ነች፤ ስሟ ለንሳ፣ አዲስ የባዮሎጂ መምህርት፣ የባኮ ልጅ፣ ሃያ አራት ዓመቷ። ባኮ ሞቃት አገር ነው። ልጅቷ ምደባው በዕጣ ሆኖ ዕጣዋ ቱሉ ደሬ ወጣ እንጂ እንኳን መኖር በአጠገቧም አልፋ አታውቅም። የመጀመሪያውን ሳምንት ሁለት ሹራብ ደርባ በጋቢ ተጠቅልላ ነው ያስተማረችው። ባኮ ውስጥ እናቷ ብቻቸውን ናቸው። ስኳር ዓይናቸውን አድክሞታል፤ መርፌያቸውን በየቀኑ የምትወጋላቸው አንዲት ጎረቤት ነች። ለንሳ ይህን ሁሉ ለሌታ የነገረችው በተዋወቁ በሦስተኛው ቀን ነው፤ የዝውውር ፎርም መቼ እንደሚሞላ ልትጠይቀው ስትመጣ።

የካቲት ነው አላት። ደግሞም የሐኪም ማስረጃ አያይዢ ብሎ መከራት። ከዚያ ፎቶ ማንሳት ትወጂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ሌታ ያን ጊዜ ምን እያሰበ እንደነበረ በኋላ ላይ ብዙ ጊዜ ራሱን ጠይቋል። ሊዋሽ ቢፈልግ፣ ጎበዝ መምህርት መስላ ስለታየችኝ ነው ሊል ይችል ነበር። እውነቱ ግን ያቺን ልጅ ገና ከመኪናው ስትወርድ ሲያያት የአምቦን መንገድ ነው ያየው።

በማግስቱ ጠዋት ማሳው ዳር ስትመጣ «አካም ቡልተን፣ ጋሼ ሌታ» ብላ ሰላምታ የሰጠችው ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነበር። ጣቶቿ አይታዘዙም። ካሜራውን ሲያስይዛት ግን አንድ ነገር ሆነ፤ መንቀጥቀጡ ቆመ። ተኛች፣ ትንፋሿን አወጣች፣ ያዘች፣ ተጫነች። የመጀመሪያዋ ፎቶ ላይ የንቧ ዓይን አልጠራም፤ የክንፏ ሥሮች ግን አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር። ሌታ ሳያስበው ጮክ ብሎ ሳቀ። ደስታው ለእሷ መስሏት እሷም ደስ አላት።

ያለውን ሁሉ አስተማራት። ከነፋሱ በታች መቅረብን፣ የራስን ጥላ ነፍሳቱ ላይ አለመጣልን አሳያት። የዱቄት ወተት ከረጢት ውስጡ ብርማ ስለሆነ በካርቶን ላይ ተለጥፎ ብርሃን እንደሚመልስ አሳያት። ጉንዳን ብርድም ቢሆን አርፎ ስለማይቀመጥ ቅጠሉ ላይ የስኳር ውሃ ማንጠብ እንደሚያስፈልግ፣ ዝንብ ደግሞ እግሯን ማፋተግ ስትጀምር ዓለምን እንደምትረሳ ነገራት። ኅዳር ላይ ልጅቷ በለጠችው። ሌታ ሁልጊዜ ፀሐይ ስትወጣ ዕቃውን ሰብስቦ ይነሳ ነበር። ለንሳ ግን አንድ ጠዋት አልነሳም አለች። ብርሃኑ አበባው ላይ ሲደርስ ንቧ መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ አንዱን የፊት እግሯን ከአበባው አላቀቀች፤ ለንሳ ያቺን ቅጽበት ያዘቻት። እግሯ ላይ አንዲት የአበባ ዱቄት ቅንጣት ተንጠልጥላለች። ሌታ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ኖሮ እንዲህ ያለ ፎቶ አላነሳም።

ፎቶዎቿን በፍላሽ ላይ አስቀመጣቸው፤ ሠላሳ አንድ ደረሱ። ለጃለኔ በስልክ ተኪ አግኝቻለሁ ብሎ አበሰራት። ጃለኔ «አባ ሲፈን፣ ከቁም ሣጥኑ የትኛውን በኩል ላስለቅቅልህ?» አለችው። ለዓመታት እንዲህ ያለ ነገር ጠይቃው አታውቅም። የዚያን ቀን ሌታ ክፍል የገባው እያፏጨ ነው።

ለለንሳ ግን አልነገራትም። ነገ እነግራታለሁ እያለ አሳለፈው። እሷ በበኩሏ ስለ እናቷ ዘወትር ትነግረው ነበር። መርፌ የምትወጋላቸው ጎረቤት ከክረምቱ በኋላ ወደ ነቀምት ልጇ ዘንድ ልትሄድ ነው። ለንሳ ባኮ ካልገባች ማን እንደሚወጋላቸው አይታወቅም። ሌታ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ የካሜራውን መስተዋት ይወለውላል። እሷ ገና ልጅ ነች፣ ዕድሜ አላት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ትለቀቃለች ብሎ ለራሱ ይነግራል። ሁለት ዓመት ብቻ የሚለውን ቃል ከዚህ በፊት የት እንደሰማው ያውቃል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ሆነና ግን ቀጠለ።

ነገሩን ያወጣው የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ዓብዲሳ ነው። የገና ሰሞን በሻይ ክበብ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ ሌታ ወደ አምቦ ገስግሶ እኛን ቢተወንም ለንሳን ትቶልናል፣ አንቺን ደግሞ ዘጠኝ ዓመት አንለቅሽም ብሎ ቀለደ። ሰው ሳቀ። ለንሳ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠችና ሌታን አየችው። ሌታ ስኳር ማማሰል ያዘ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

በማግስቱ እንደ ወትሮው መጣች። ካሜራውን ተቀበለች፣ ምንም አላነሳችም። እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ሌታ ስለ ነጥቡ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ኦቦ ዱጋሳ ብዙ አወራ፤ ልነግርሽ ነበር ማለቱን ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ለንሳ እስኪጨርስ ጠብቃ ካሜራውን መለሰችለትና ወደ ክፍሏ ሄደች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይቀለው ነበር።

ኦቦ ዱጋሳ ጥር ላይ ተኪውን በዓይኑ ሊያይ መጣ። ብርዱ በጠናበት ሐሙስ ጠዋት፣ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ ጋቢ ለብሶ ከዓብዲሳና ከሁለት የቢሮ ሰዎች ጋር በትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ቆመ። ግራዋው አብቧል። በእያንዳንዱ ዘለላ ላይ አንድ ሁለት ንብ ደንዝዛ ተቀምጣለች። ነፋስ የለም፤ ከዚህ የተሻለ ጠዋት ተፈልጎ አይገኝም። ለንሳ ማንንም ሳታይ ቀረበች። ግራዋው ቁመት ስላለው ሳትተኛ ተንበርክካ አነሳች። አርባ ፎቶ አነሳች። ሌታ የብርሃኑን ካርቶን የያዘው እሱ ስለነበረ ከእጇ ርቀቱ አንድ ክንድ ነው።

በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ተከፈቱ። የመጀመሪያው ደብዛዛ ነው። ሁለተኛውም ደብዛዛ ነው። ኦቦ ዱጋሳ ወደ ስክሪኑ ጠጋ፣ ከዚያ ራቅ አለ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። አርባውም ላይ አበባ የሚመስል ሐምራዊ ነገር ላይ ንብ የሚመስል ቡናማ ነገር ተቀምጧል። ለንሳ ጣቶቿን በብብቷ ሸጉጣ ቆማ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ እኔ የቆላ ልጅ ነኝ፣ ለብርድ አልሆንም አለች። ኃላፊው አዘነላት፤ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ አይዞሽ አላት።

ሌታ ግን አይቷል። እያንዳንዱን ፎቶ ስትጫን ልጅቷ የጤፍ ፍሬ ታህል ወደ ኋላ ታፈገፍግ ነበር። አንድም ጊዜ አላበዛችም፤ አንድም ጊዜ አላሳነሰችም። አርባ ፎቶ በእኩል መጠን ማበላሸት የሚችል የማይንቀጠቀጥ እጅ ብቻ ነው።

እንግዶቹ ሲሄዱ በረንዳው ላይ ተከተላት። ለምን እንዲህ አደረግሽ ለማለት አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«ጋሼ ሌታ፣ እርስዎን እዚህ ያስቀረዎት መንገዱ አይደለም፣ ኦቦ ዱጋሳም አይደሉም። ጎበዝ እጅዎ ነው። እኔ እናት አለችኝ።»

ሌታን ንዴት አቃጠለው። ያናደደው መበደሉ አልነበረም፤ ሃያ አራት ዓመት የሆናት ልጅ በአራት ወር ያወቀችውን እሱ በዘጠኝ ዓመት አለማወቁ ነው። እጁን ማንቀጥቀጥ ይችል ነበር። አንድ ዓመት ብቻ ሰነፍ መሆን ይችል ነበር። ይህ በሐሳቡ መጥቶ አያውቅም፤ ቢመጣም እንኳ አይችልበትም ነበር፤ እዚያ ላይ ነው የታሰረው።

የካቲት ገባ፤ የዝውውር ፎርም የሚዘጋበት ሳምንት ደረሰ። ኦቦ ዱጋሳ ሰኞ ዕለት አስጠርቶት ተኪህስ አልሆነችም፣ ግን በአንድ ጠዋት ሰው አይፈረድበትም፣ ከዚህ የተሻለ የሠራችው ነገር ካለ እስከ ዓርብ አሳየኝ አለው። ሌታ እስቲ ልፈልግ አለ። ፍላሹ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነበር። ማክሰኞን በኪሱ ይዞት ዋለ፤ ረቡዕንም እንዲሁ። ለንሳ በኮሪደሩ ስታልፍ ሰላም ትለዋለች፤ እሱ ደረቱን በእጁ ይሸፍናል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ የሚገኝበት ኮረብታ ላይ ወጥቶ አምቦ ደወለ። ያነሳችው ሲፈን ነች። እናቷ ሥራ ላይ ነች። ስለ ትምህርቷ ጠየቃት፤ በቁንጽል መለሰችለት። ከዚያ «አባኮ፣ አሁን ስትመጣ ስንት ቀን ትቀመጣለህ?» አለችው።

«ለሁልጊዜ ብመጣስ?» አላት።

ልጅቷ አሰበች። እያሰበች መሆኑ በስልክ ይሰማል።

«ታዲያ የት ትተኛለህ?»

በክፋት አልነበረም። እሷና እናቷ አንድ አልጋ ላይ ይተኛሉ፤ እሱ ሲመጣ ለአንድ ሌሊት መሬት ፍራሽ ይነጠፋል። ለሁልጊዜ የሚነጠፍ ፍራሽ አስባ ስላልገባት ነው የጠየቀችው። ሌታ ስልኩን ከዘጋ በኋላ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ሰው ሲያልፍ ዓይኔ ውስጥ አቧራ ገባ አለ። ከዚያ ተነስቶ የትም ሳያርፍ የወረዳው ቢሮ ሄደ፤ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ፍላሹን ኦቦ ዱጋሳ ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

ኃላፊው የመጀመሪያውን ከፈተ። ሁለተኛውን ከፈተ። ፀሐይ የነካቻት፣ አንድ እግሯን ያላቀቀችው ንብ ላይ ሲደርስ ተነስቶ በሩን ከፍቶ የቢሮውን ሰዎች ጠራ። ከጀርባው ተደርድረው ጉድ አሉ።

«የእሷ ነው?»

«የእሷ ነው።»

«ሌላ ሰው የለበትም? አንተ ብቻ ነህ ያስተማርካት?»

እዚህ ላይ ብልህ ሰው ቢሆን ምላሱን ይውጥ ነበር። ልጅቷ ስትመጣም ታውቅ ነበር ቢል፣ እኔ ምንም አልጨመርኩባትም ቢል የሚጠይቀው አልነበረም። ሌታ ግን አስተማሪ ነው። ፎቶውን ያየ ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ሲቆም የአስተማሪነት ልቡ ሞቀ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ባዶ እጇን መጥታ በአራት ወር ነው እዚህ ያደረስኳት።»

ኦቦ ዱጋሳ እጁን ጨብጦ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀውም። ጋሪዳ፣ ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው እያለ ጨበጠው። ሌታ ያን አጨባበጥ እንደ ፊርማ ቆጠረው። ለጃለኔ አለቀ አላት። ጃለኔ የጸሎት ቡድኗን ርዕሱን ሰርዙት ብላ ነገረቻቸው፤ አንድ አናጢም የሲፈንን አልጋ ለብቻ እንዲሠራ ታዘዘ። ለንሳ ምን እንደተደረገ ያወቀችው በዚያው ሳምንት ነው፤ የቱሉ ደሬ ቢሮ ምሥጢር አይቋጥርም። ለሌታ ሰላምታ መስጠቷን አላቋረጠችም። አምስት ወር ሙሉ አካም ቡልተን ትለው ነበር፤ ከዚያ በላይ ግን አንድ ቃል አልጨመረችም።

የዝውውሩ ውጤት በሐምሌ መጀመሪያ፣ መንገዱ በጭቃ ሊዘጋ ቀናት ሲቀሩት ወጣ። ሌታ ልብሱን በካርቶን አስሮ ጨርሷል። ዓብዲሳ ዝርዝሩን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሲለጥፍ ሌታን አየና ፊቱን አዞረ። ሌታ ስሙን ፈለገ፤ ከተዛወሩት መካከል የለም። ከታች በሌላ አርዕስት ሥር አገኘው። መምህር ሌታ፣ በአራት ወር ብቁ ባለሙያ ማፍራት መቻላቸው በተግባር ስለተረጋገጠ፣ በወረዳው በሚገኙ አሥራ አንድ ትምህርት ቤቶች ለሳይንስ ክበባት ተኪዎችን እንዲያሠለጥኑ ለሦስት ዓመት ተመድበዋል ይላል። ከእሱ በታች ደግሞ መምህርት ለንሳ ለወረዳው አስፈላጊ ባለሙያ በመሆናቸው የዝውውር ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም ይላል።

ወደ ወረዳው ቢሮ ሮጠ። ኦቦ ዱጋሳ በደስታ ተቀበለው፤ ደብዳቤውን በገዛ እጁ እንደጻፈው፣ ዞኑም እንዳጸደቀው፣ የክፍያ ደረጃውም ከፍ እንደሚል ነገረው። ሌታ ቃል ገብተውልኝ ነበር አለ፤ ተኪ አምጣና ሂድ ብለውኝ ነበር አለ። ኃላፊው እንደ መደነቅ አለ።

«እንዲህ ያለች ተኪ በአራት ወር የሚያወጣ ሰው ይለቀቃል እንዴ፣ ባርሲሳ? አንተ ብትሆን ትለቀዋለህ?»

ሌታ ቢፈርድ እሱም አይለቀውም ነበር።

ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመለስ ዝናቡ መጥቷል። ለንሳ ሰሌዳው ፊት ቆማ አገኛት። የራሷን አንብባ ጨርሳለች። ለእናቷ መርፌ የምትወጋላቸው ጎረቤት ክረምቱ እንዳለቀ እንደምትሄድ ሁለቱም ያውቃሉ። ከጎኗ ቆመ። ልጅቷ ወደ ሰሌዳው እያየች እርስዎስ ተለቀቁ ወይ ብላ ጠየቀችው። አልተለቀቅኩም አለ። ያላመነችው ይመስል በእሱ ስም ፊት ያለውን ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«እኔ እኮ» አለች ቀስ ብላ፣ «ቢያንስ እርስዎ ልጅዎ ዘንድ ገብተዋል ብዬ ይቅር ልልዎት ነበር የመጣሁት።»

ጃንጥላዋን ዘርግታ ወደ መምህራኑ መኖሪያ ሄደች። ሌታ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ቀረ።